ሰማዩን ከሳነቴ ላይ ማንሳት፦ ደመና፣ መብረቅ፣ ከዋክብት

የሌሊት ሰማይ ፎቶ ሳሳይ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ካሜራህ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱ ብዙም አይጠቅመውም። የፎቶው ግማሽ የሚሠራው አዲስ አበባ፣ ሶፋ ላይ፣ ቀን መቁጠሪያ ተይዞ ነው። ቀኑን ከሳታችሁ ምንም ዓይነት ካሜራ አያድናችሁም። ቀኑን ካገኛችሁ ደህና ስልክም ይበቃል።

ነገሩን በደፈናው ከማውራት በአንድ ቦታ ላሳያችሁ። ቦታው ባሌ ተራሮች ውስጥ ያለው ሳነቴ ነው።

ለምን ሳነቴ?

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ ትራይፖድ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ አቀበት መውጣት የለም፤ መኪና ያደርሳችኋል። ከሜዳው ላይ ብቅ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ካያችሁት ስም አውጪው እንዳልተሳሳተ ይገባችኋል።

እኔን የማረከኝ ግን አቅጣጫው ነው። የከተማ መብራት ያለው በሰሜን በኩል ነው፤ ጎባና ሮቤ። በደቡብ በኩል ሜዳው ድንገት ያልቅና ቁልቁል የሐረና ጫካ ይጀምራል። ጫካ መብራት የለውም። የፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ፣ ሰማዩን የሚያቋርጠው የከዋክብት መቀነት) ደማቁ ክፍል ደግሞ የሚታየው በደቡብ በኩል ነው። ጨለማውም ኮከቡም ባንድ ወገን ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። አውሮፓ ያለ ፎቶ አንሺ የደቡብ መስቀል የተባሉትን ከዋክብት ለማየት አውሮፕላን መሳፈር አለበት። እኛ አንገታችንን ማዞር ይበቃናል።

ፓርክ መሆኑን አትርሱ። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሌሊት ላይ መቆየት እንደምትፈልጉ ዲንሾ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ ንገሩ፤ አስጎብኚም ያዙ። መንገዱና አካባቢው በዚያ ሰሞን እንዴት እንደሆነ የምትጠይቁትም ያን ጊዜ ነው።

ቀኑን መምረጥ

መጀመሪያ ጨረቃን እዩ። ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ፍኖተ ሐሊብ ይደበዝዛል፤ የቀረው ልፋት ነው። ባሌ ውስጥ ይህን ለማወቅ አፕ እንኳን አያስፈልግም። የእስልምና ወር የሚቆጠረው በጨረቃ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረውና አዲሱ ከገባ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ሌሊቱ ጨለማ ነው። ከ13 እስከ 15 ባለው ጨረቃዋ ሙሉ ናት። የኢድ አልፈጥር ሌሊት ለኮከብ ፎቶ የተሠራ ሌሊት ነው ማለት ይቻላል። የኛ ወር ግን ከጨረቃ ጋር አይሄድም። «ወሩ ገና ነው፣ ጨለማ ይሆናል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ቀጥሎ ወቅት። የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ እምብርት ያለው ዓቅራብና ቀውስ በተባሉት የከዋክብት ስብስቦች መካከል ነው። አውደ ነገሥት ሲገለጥ ያየ ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። እዚህ ግን ዕድላችንን አንጠይቃቸውም፤ የምንፈልገው የሚወጡበትን ሰዓት ነው። እምብርቱ ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ደግሞ ደመና ነው። ስለዚህ የሚቀሩን ጫፎቹ ናቸው፦

የካቲት። ባሌ ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው። በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ እምብርቱ የሚወጣው ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ያኔ የደቡብ መስቀል በስተደቡብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሰማዩ አይነጋም። ሁለት ሰዓት ንጹሕ ጨለማ አገኛችሁ ማለት ነው። አንድ ጉዞ ብቻ የምትችሉ ከሆነ በየካቲት ሂዱ።

ጥቅምት። እምብርቱ ገና ሲመሽ በደቡብ ምዕራብ ተንጋዶ ይታያል። በወሩ መጀመሪያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ እስከ 3 ሰዓት ገደማ ትሠራላችሁ፤ በወሩ መጨረሻ ጊዜው ይጠባል። እንቅልፍ ለሚወዱ የሚመች ይህ ነው። የዝናቡ ጅራት ስላለ ከሰዓት በኋላ ደመናውንም ታገኛላችሁ።

ሚያዝያ። እምብርቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይወጣል። ግን ዝናብ አለ። እኔ በሚያዝያ የምሄደው ለመብረቁ ነው፤ ሰማዩ ከተከፈተ ትርፍ ነው።

የታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊትም አለ። የጀውዝ (ጀሚኒድስ) ተወርዋሪ ከዋክብት በየዓመቱ የሚበዙት ያን ጊዜ ነው። እምብርቱ በዚያ ወቅት አይታይም፤ ጨረቃ ካልገባችበት ግን ሰማዩ ራሱ በቂ ነው።

መጨረሻ ላይ ደመና። ዊንዲ የሚባለው አፕ ዝቅተኛውን፣ መካከለኛውንና ከፍተኛውን ደመና ለየብቻ ያሳያል። ዝቅተኛው አያስጨንቃችሁ። ብዙ ጊዜ ሐረና ላይ ከእናንተ በታች ይተኛል፤ እንዲያውም ፎቶውን ያሳምረዋል። የሚያበላሸው ከፍተኛው ነው። እንደ ስስ ነጠላ ሆኖ ኮከቡን ይጋርዳል።

ስለ ሰዓት አንድ ኑዛዜ

አፖቹ የሚናገሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ሳነቴ የወጣሁ ጊዜ ስቴላሪየም የሚባለው የከዋክብት አፕ እምብርቱ የሚወጣው «3፡10» ነው አለኝ። እኔም «ሌሊት 3 ሰዓት ከ10» ብዬ ተረዳሁት። በ3 ሰዓት ካሜራዬን ተክዬ ቆምኩ። 4 ሆነ፣ 5 ሆነ። በስተደቡብ ምንም የለም። ሹፌሩ ጋቢውን ተከናንቦ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገና «ወንድሜ፣ የምትጠብቀው ሰው ስልክ የለውም?» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ጎባ ተመልሰን ከተኛን በኋላ ነው። 3፡10 ማለት ሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነበር።

ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ሰዓቶቹን ሁሉ ወደ ሐበሻ ሰዓት ቀይራችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ስክሪን ሾትም አንሱ። ላይ ኔትወርክ አለ ብላችሁ አትመኑ።

ምን ይያዝ?

ካሜራ፣ ያላችሁን ሰፊ ሌንስ፣ ጠንካራ ትራይፖድ። ሌንስ ለመግዛት ገንዘብ ካላችሁ ከ14 እስከ 24 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 የሆነ ነገር ፈልጉ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። ከሌላችሁ ከካሜራው ጋር የመጣው 18–55 ይሠራል። ትራይፖድ ላይ ግን አትቆጥቡ። የሳነቴ ነፋስ ቀልድ አያውቅም። መሀለኛውን ዘንግ አታውጡት፤ ድንጋይ የሞላ ቦርሳ ከሥሩ አንጠልጥሉ።

ትርፍ ባትሪ ሁለት ያዙና ከደረት ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ብርድ ባትሪ ይበላል። ሌሊት ላይ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ ጋቢ ያስፈልጋል። ትኩስ ሻይ በቴርሞስ። ባትሪ መብራታችሁን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ነጭ መብራት ካያችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ በዚያው ቀን ሳነቴ ላይ አትደሩ። አየሩ ስስ ነው፤ ራስ ምታት ይይዛችኋል። አንድ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ።

ከሰዓት በኋላ፦ ደመናውን ጠብቁ

በዝናብ ወራት ተራራ ላይ ቀኑ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ጥርት ይላል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ደመናው እንደ ጥጥ ይከመራል፣ ከሰዓት በኋላ ይፈነዳል። ጀማሪ ዝናቡ ሲመጣ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። እናንተ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ። ፎቶው ያለው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ደመናው በምሥራቅ ጥቁር ሆኖ እያለ ፀሐይ በምዕራብ ቀዳዳ ስታገኝ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል፣ ድንጋዩና ኩሬው ሁሉ ወርቅ ይሆናል። ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም።

ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በታች ስትሆን ነው። ባሌ ላይ ይህ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ቀስተ ደመና ፍለጋ አትንከራተቱ። ሰዓቱ ሲደርስ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፤ ካለ ፊት ለፊታችሁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 8 ወይም 11፣ ፎቶው በሮው (ያልተጨመቀ) ፎርማት። ብርሃኑን ስትለኩ ከደመናው ብሩህ ክፍል ተነሡ። የጠቆረ መሬት በኋላ ይነሣል፤ ነጭ ሆኖ የጠፋ ደመና ግን አይመለስም። የሌንሱን ፊት በየደቂቃው ጥረጉ። ካሜራውን ፌስታል አልብሱት፤ ለሌንሱ ቀዳዳ ቅደዱለት። ያምራል አልልም፣ ይሠራል።

መብረቅ

ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። ሳነቴ ላይ ዛፍ የለም። ጅብራ በሌለበት ሜዳ ላይ ከቆማችሁ ረጅሙ ነገር እናንተና የብረት ትራይፖዳችሁ ናችሁ።

ደንቡ ይህ ነው። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ትራይፖዱን እዚያው ትታችሁ መኪና ውስጥ ግቡ፣ መስኮት ዝጉ። የሚከልላችሁ የመኪናው ብረት ገላ ነው፤ ጎማው ምንም አያደርግም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ካሜራ ይገዛል።

የሚነሳው እንግዲህ የሩቁ መብረቅ ነው። ደግነቱ ከሳነቴ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ሆናችሁ በቆላው የሚዘንበውን ከሩቅ ማየት ትችላላችሁ። ከመሸ በኋላ እንዲህ አድርጉ፦ ኤፍ 5.6 ወይም 8፣ አይኤስኦ 200 ወይም 400፣ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 15 ሰከንድ። ካሜራው በተከታታይ እንዲያነሳ አድርጉና እጃችሁን ሰብስቡ። መብረቁ ራሱን ይስላል። ብልጭታውን አይቶ መጫን አይሞከርም፤ ጣት አይቀድመውም። መቶ ፎቶ አንስታችሁ ሦስት ካገኛችሁ ጥሩ ቀን ነው። መብረቁ ነጭ ሆኖ ከነደደ አይኤስኦውን ዝቅ አድርጉ።

ሌሊቱ

ቦታችሁን በቀን ምረጡ። በጨለማ ጅብራ መፈለግ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል፤ ሜዳው በፍልፈል ጉድጓድ የተሞላ ነው። እኔ የምወደው ብቻውን የቆመ ጅብራ ከፊት፣ ሰማዩ ከኋላ ሆኖ ነው። ነፋስ ከሌለ ኩሬም ጥሩ ነው፤ ኮከቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል።

አንደኛ፣ ሁሉንም ማኑዋል ላይ አድርጉ። የሌንሱን የንዝረት መከላከያ አጥፉ፤ ትራይፖድ ላይ ራሱ ይንቀጠቀጣል።

ሁለተኛ ፎከስ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የተጋደመ ስምንት ምልክት አትመኑት። በስክሪኑ ላይ ደማቅ ኮከብ ፈልጉ፣ አጉሉት፣ ቀለበቱን በቀስታ አዙሩ። ኮከቡ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፉትና ዳግም እንዳትነኩት።

ሦስተኛ፣ ሻተር። ምድር ስለምትዞር ኮከብ አይቆምላችሁም። 500ን ለሌንሳችሁ ሚሊ ሜትር አካፍሉ። በ20 ሚሊ ሜትር 25 ሰከንድ ይመጣል። የካሜራችሁ ሴንሰር ትንሹ ዓይነት ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ1.5 አካፍሉ። እኔ በ500 ፋንታ 300 እጠቀማለሁ። ፎቶውን አሳድጎ ላየው ሰው ኮከቡ የሩዝ ፍሬ እንዳይመስል።

አራተኛ፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200 ብላችሁ ጀምሩ። 18–55 ከሆነ ኤፍ 3.5፣ አይኤስኦ 6400። የቀለም ሚዛኑን (ዋይት ባላንስ) 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርጉ። በሁለት ሰከንድ መዘግየት አንሱ፤ ጣታችሁ ካሜራውን እንዳያናውጥ።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያውን ፎቶ አንስታችሁ ሂስቶግራሙን (ካሜራው የሚያሳየውን የብርሃን ግራፍ) እዩ። በጨለማ ውስጥ ስክሪኑ ይዋሻል፤ ሁሉንም ብሩህ ያስመስለዋል። ጉብታው ወደ ግራው ግድግዳ ከተለጠፈ ፎቶው ጨልሟል።

ከዚያ ምንም ሳትነኩ አሥራ አምስት ሃያ ፎቶ በተከታታይ አንሱ። ሲኳተር የሚባል ነጻ ፕሮግራም ደርቦ አሸዋ የመሰለውን ነጠብጣብ ያጠፋላችኋል። በየመሀሉ ሌንሱን ፈትሹ። ጤዛ ሳይታወቅ ይመጣል። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ጉም የመሰለ ፎቶ ይዤ ተመልሻለሁ፤ ጉሙ ሌንሱ ላይ ነበር።

ስልክ ብቻ ያላችሁ በፕሮ ሞድ ገብታችሁ አይኤስኦ 3200፣ ሻተር 15 ሰከንድ፣ ፎከስ በማኑዋል እስከ ሩቅ ጫፍ፣ ታይመር 5 ሰከንድ አድርጉ። ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ፤ ሰፊው ሌንስ በጨለማ ደካማ ነው። ስልኩን በድንጋይ መካከል አስደግፉት።

የኮከብ ዱካ

ክብ ክብ የሆነውን የኮከብ ፎቶ ሳታዩ አትቀሩም። የክቡ ማእከል የሰሜን ኮከብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ክቡ ሙሉ ይሆናል። ሳነቴ ላይ ግን ከአድማሱ 7 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ጉብታ ካለ ጭራሽ ይሸፈናል። ስለዚህ የምታገኙት ከመሬት የበቀለ ግማሽ ክብ ነው። እኔ እንዲያውም ከሙሉው ይበልጥብኛል። የጎባ መብራት በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ አይኤስኦውን ወደ 800 አውርዱ።

ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ እያደረጋችሁ 120 ፎቶ አንሱ። አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ኮከቡ 15 ዲግሪ ይዞራል። የካሜራውን የረጅም ሻተር ማጽጃ አጥፉ፤ አለዚያ ዱካው ይቆራረጣል። ስታርስታክስ በነጻ ያገጣጥመዋል። ወደ ምሥራቅ ብታዞሩት ደግሞ ከዋክብቱ ቀጥ ብለው ሲወጡ ታያላችሁ፤ ከምድር ወገብ አጠገብ የመሆን ጸጋ ነው።

ሲነጋ

ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ሐረና ጫፍ ሄዳችሁ እዩ። ጉሙ ጫካው ላይ ተኝቶ ከሆነ ፀሐይ ስትወጣ ባሕር ይመስላል። ትራይፖዱ እንዳለ ይቆይ፣ አይኤስኦ 100 አድርጉ።

የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያልበዋል። ገና ውጭ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን እሰሩት፤ ክፍሉን እስኪለምድ አትክፈቱት። ፎቶውን ለማየት ከቸኮላችሁ ሜሞሪ ካርዱን ቀድማችሁ አውጡ።

ኤዲቲንግ ላይ ብዙ አልልም። ላይትሩም ላይ ጥላውን ትንሽ አንሡ፣ ንጽጽሩን ጨምሩ፣ ተዉት። ሰማዩን ወይን ጠጅ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልወደውም። ፍኖተ ሐሊብን ከሌላ ፎቶ አምጥቶ መለጠፍም የተለመደ ሆኗል። ለጥፋችሁ ከሆነ ለጥፌያለሁ በሉ። አንድ ጊዜ በሰሜን በኩል ዓቅራብ የወጣበት ፎቶ አይቼ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

ስትወርዱ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ፍለጋ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ነው፤ መንገዱንም ይሻገራል።